«ያልነበረ» ወይስ «ያልተመዘገበ»? አንድ ተክል በአዲስ ቦታ ተገኘ ሲባል

«በአካባቢው ያልነበረ ተክል ተገኘ» የሚል ርዕስ አልፎ አልፎ ዜና ላይ ይወጣል። ገባ ብላችሁ ስታነቡት ግን ተመራማሪዎቹ ያሉት እንደዚያ አይደለም። እነሱ ያሉት «ያልተመዘገበ» ነው። በመሃል አንድ ሰው «ያልነበረ» አደረገው። ተራ የቃላት ልዩነት ይመስላል፤ ግን የጉዳዩ ቋጠሮ ያለው እዚህች ላይ ነው።

ደረጃ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ያገኛችሁትን ጎረቤት አስቡ። «አዲስ ገቢ ነህ እንዴ?» ትሉታላችሁ። «ኧረ ስድስት ዓመቴ ነው» ይላችኋል። አዲስ የሆነው የእሱ መኖር ሳይሆን የእናንተ ማየት ነው። ሌላ ቀን ደግሞ እውነትም ትናንት ዕቃውን ጭኖ የመጣ ሰው ያጋጥማችኋል። ሁለቱን ፊታቸውን አይቶ መለየት አይቻልም፤ መጠየቅ ያስፈልጋል። ተክል ደግሞ ተጠይቆ አይመልስም።

አዲስ ዝርያ ተገኘ ማለት ነው?

አይደለም። ብዙ ሰው የሚምታታበት ይሄ ነው። አዲስ ዝርያ የሚባለው ሳይንስ ስም ሰጥቶት የማያውቅ ተክል ነው። በዓለም ዙሪያ በየዓመቱ ወደ 2 ሺህ ገደማ እንዲህ ያሉ ተክሎች የመጀመሪያ ሳይንሳዊ ስማቸውን ያገኛሉ። የእኛ ጉዳይ ሌላ ነው። ተክሉ ስም አለው፤ መልኩ ተገልጿል፤ ሌላ ቦታ እንደሚበቅልም ይታወቃል። ያልታወቀው እዚህ መኖሩ ነው። ይህ «አዲስ ምዝገባ» ይባላል።

ለሁለቱ ዓይነት አለማወቅ ሁለት ስም ወጥቶላቸዋል። ስም ያልተሰጣቸው ፍጥረታት ገና መኖራቸው «የሊኔየስ ጉድለት» ይባላል፤ በ1753 በወጣ ሥራው ዕፅዋትን በሁለት ቃል መሰየምን ባጸናው በስዊድናዊው ካርል ሊኔየስ ስም ነው። (እዚህም ሆነ ከታች ያሉት ዓመቶች በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ስም ያላቸው ፍጥረታት የት የት እንደሚኖሩ በቅጡ አለማወቃችን ደግሞ «የዋላስ ጉድለት» ነው። አልፍሬድ ራስል ዋላስ የፍጥረታትን ስርጭት በማጥናት የታወቀ የብሪታንያ ተመራማሪ ነበር። አዲስ ምዝገባ ይህን ሁለተኛውን ጉድለት በአንዲት ነጥብ ይሞላል።

«አካባቢ» ሲሉ ድንበሩ የት ነው?

እንደ ጥናቱ ነው። አገር፣ ደሴት፣ አንድ ግዛት ወይም አንድ ጥብቅ ደን ሊሆን ይችላል። ብዙ ጊዜ ግን የመዝገቡ ድንበር ሰው ያሰመረው ድንበር ነው፤ ተክል ደግሞ ፓስፖርት የለውም። ከድንበር ወዲያ 10 ኪሎ ሜትር ላይ ሞልቶ የሚታወቅ ተክል ከድንበር ወዲህ ቢገኝ «ለአገሩ አዲስ» ተብሎ ይመዘገባል። እውነት ነው፤ ግን ብዙም አያስደንቅም። ከሚታወቅበት ቦታ 1 ሺህ ኪሎ ሜትር ርቆ ሲገኝ ነው ጆሮ የሚቆመው። ስለዚህ እንዲህ ያለ ዜና ስታነቡ «ከዚህ በፊት የሚታወቅበት ቅርቡ ቦታ የት ነው?» የሚለውን ፈልጉ። ያቺ ርቀት ከርዕሱ የበለጠ ትናገራለች።

ታዲያ እስከዛሬ የት ነበር?

አንዱ መልስ «እዚሁ» ነው። ለብዙ መቶ ዓመታት እዚሁ ነበር፤ አይቶ የጻፈው የለም እንጂ። እንዲያውም በዙሪያው የሚኖሩ ሰዎች ከነስሙ ሊያውቁት ይችላሉ። «ተገኘ» የሚለው ቃል የሚያገለግለው ለመዝገቡ ብቻ ነው።

አጥኚዎችም ሰው ናቸው። መኪና በሚገባበት፣ ማደሪያ ባለበት፣ መንገዱ ጭቃ ባልሆነበት ወቅት ይወጣሉ። ስለዚህ የዕፅዋት ካርታ ብዙ ጊዜ የመንገድ ካርታ ይመስላል። በብራዚል አማዞን ውስጥ በልዩ ዝርያዎች የታደሉ ናቸው ተብለው ካርታ ላይ የተከበቡ ቦታዎች ነበሩ። በ1990 የወጣ ጥናት ሲያጣራው ከእነዚህ ቦታዎች ብዙዎቹ ናሙና በብዛት የተሰበሰበባቸው ሆነው ተገኙ። ብዙ በተፈለገበት ብዙ ተገኘ ማለት ነው። በዚያ ላይ በዓመት ውስጥ ለጥቂት ሳምንት ብቻ የሚያብብ ተክል አለ። አበባ ከሌለው ደግሞ ከሣር ተለይቶ የማይታይ አለ። አጥኚው በተሳሳተ ወር ከመጣ በላዩ ተራምዶበት ያልፋል።

ሁለተኛው መልስ ትንሽ ያስቃል፤ ተክሉ መሳቢያ ውስጥ ነበር። ከ20 ወይም ከ50 ዓመት በፊት ተሰብስቦ፣ ደርቆ፣ በተሳሳተ ስም ተቀምጧል። አንድ ቀን ነገሩን የሚያውቅ ሰው ከፍቶ ያየውና «ይሄ እኮ ሌላ ነው!» ይላል። ይህ ብርቅ ክስተት እንዳይመስላችሁ። የኮረሪማን የቅርብ ዘመዶች፣ አፍራሞመም የሚባለውን የአፍሪካ ዝንጅብል ወገን፣ ወደ 4,500 ናሙና ያየ ጥናት በ2015 ታትሟል። ወገኑን በዝርዝር የሚተነትን ሥራ በ2014 ከመጠናቀቁ በፊት ቢያንስ 58 በመቶው ናሙና ትክክለኛ ስሙን አልያዘም ነበር። ወይ ተሳስቷል፣ ወይ አሮጌ ስም ይዟል፣ ወይ እስከ ዝርያ ድረስ አልተለየም። ጫካ ሳይገቡ አዲስ ምዝገባ የሚወጣው በዚህ መንገድ ነው።

ሦስተኛው፣ በራሱ መጣ። ነፋስ አመጣው፤ ወፍ በሆዷ ይዛው መጣች፤ ወይም ሙቀቱ ሲጨምር ሽቅብ ወጣ። በ2018 የታተመ ጥናት በአውሮፓ 302 የተራራ ጫፎች ላይ እስከ 145 ዓመት ወደኋላ የሚሄዱ ቆጠራዎችን አነጻጽሯል። በጫፎቹ ላይ ያለው የዝርያ ቁጥር እየጨመረ፣ ጭማሪውም እየፈጠነ መጥቷል። ከታች የነበሩት እየወጡ ነው። ለጫፉ «አዲስ» ናቸው፤ ለተራራው ግን አይደሉም።

አራተኛው፣ ሰው አመጣው። ይህ ክፍል የማያልቅ ወሬ አለው። በሲሲሊ ከኤትና እሳተ ገሞራ የተገኘ ቢጫ አበባ ያለው ተክል በኦክስፎርድ የዕፅዋት አትክልት ቦታ ተተክሎ ነበር። በ18ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ከአጥር አምልጦ በከተማው የድንጋይ ግንቦች ላይ መብቀሉ ታወቀ። ከዚያ የባቡር ሐዲድ ተዘረጋ። ሐዲዱ የሚነጠፍበት ጠጠርና የከሰል ጥቀርሻ ከኤትና ደረቅ ድንጋይ ጋር ይመሳሰላል፤ ተክሉ አገሩ የገባ ያህል ሐዲዱን ተከትሎ ብሪታንያን አዳረሳት። የዕፅዋት አጥኚው ጆርጅ ክላሪጅ ድሩስ ባቡር ላይ ተቀምጦ፣ ጭገር ያላቸው ፍሬዎቹ በመስኮት ገብተው አብረውት ሲጓዙና ሌላ ጣቢያ ላይ ሲወጡ እንዳየ ጽፏል። ቲኬት አልቆረጡም።

ሱፍም ሌላው ባለውለታ ነው። በስኮትላንድ ጋላሺልስ የሱፍ ፋብሪካዎች ነበሩ። ከሩቅ አህጉራት የመጣው ሱፍ ሲታጠብ በጠጉሩ ላይ የተጣበቀው ዘር ከውሃው ጋር ወደ ወንዝ ይወርድ ነበር። አይዳ ሄይዋርድ የምትባል ሴት የወንዙን ዳር እየዞረች ከ300 በላይ መጤ ዝርያ መዝግባለች። ሥራዋ ከድሩስ ጋር በ1919 ታተመ። ከእነዚያ ተክሎች ብዙዎቹ ሥር ሳይሰዱ ጠፍተዋል።

ይህ የመጨረሻው ነገር ቃላት እንድንለይ ያስገድዳል። ሰው ወዳልነበረበት ቦታ ያመጣው ተክል «መጤ» ነው። አንድ ሁለት ዓመት ታይቶ የሚጠፋው «አላፊ» ነው። ያለ ሰው እርዳታ ዘር እየጣለ ትውልድ የቀጠለው «የተላመደ» ይባላል። ከተላመዱት ውስጥ ተስፋፍቶ ጉዳት የሚያደርሰው ነው «ወራሪ»። መጤ ሁሉ ወራሪ አይደለም፤ አብዛኛው አይደለም። በ2015 የታተመ ዓለም አቀፍ ቆጠራ ከትውልድ ቦታቸው ውጭ የተላመዱ ከ13 ሺህ በላይ ዝርያዎችን አግኝቷል።

«አየሁት» ማለት ማስረጃ ይሆናል?

ብቻውን አይሆንም። ማስረጃው ናሙና ነው። አበባ ወይም ፍሬ የያዘ ቅርንጫፍ፣ ትንሽ ተክል ከሆነ ከነሥሩ፣ በወረቀት መሃል ተዘርግቶ በመጫኛ ተጠፍሮ ይደርቃል። ነፍሳት እንዳይበሉት በብርቱ ማቀዝቀዣ ውስጥ ይቆያል። ከዚያ በጠንካራ ወረቀት ላይ ይለጠፍና ሄርባሪየም ውስጥ ይቀመጣል። ሄርባሪየም ማለት የደረቁ ዕፅዋት ቤተ መዘክር ነው። መጽሐፍ በመደርደሪያ እንደሚቀመጥ ተክል በወገን በወገኑ ይቀመጣል። ተክልን አድርቆ ወረቀት ላይ የመያዝን ዘዴ በ16ኛው ክፍለ ዘመን በማስጀመር የሚጠቀሰው ጣሊያናዊው ሉካ ጊኒ ነው። ዛሬ በዓለም ከ3 ሺህ በላይ ሄርባሪየሞች ወደ 400 ሚሊዮን የሚጠጉ ናሙናዎች ይዘዋል። ለንደን ኪው ያለው ብቻ 7 ሚሊዮን ያህል አለው።

እኔ ግን ከተክሉ ይልቅ ከጥጉ የምትለጠፈዋ መግለጫ ትማርከኛለች። ማን ሰበሰበው፣ በስንተኛ ቁጥር፣ በየትኛው ቀን፣ በየትኛው ነጥብ ላይ፣ ከባሕር ጠለል በላይ በስንት ሜትር፣ ምን ዓይነት አፈር ላይ፣ ከእነማን ጋር በቅሎ፣ ስንት እግር ሆኖ። ሲደርቅ የሚጠፋው ሁሉ እዚያ ይጻፋል። የአበባው ቀለምና ሽታው ሳይቀር። መግለጫ የሌለው ናሙና ሳር ነው።

መግለጫ ሲዛባ ምን እንደሚሆን አንድ ትልቅ ታሪክ ይነግረናል። አሌክሳንደር ፎን ሁምቦልት በ1802 ኢኳዶር ውስጥ ቺምቦራዞ ተራራን ወጥቶ፣ በ1807 ተክሎቹን በየከፍታቸው የሚያሳይ ዝነኛ ሥዕል አሳተመ። ከ200 ዓመት በኋላ ተመራማሪዎች ወደ ተራራው ተመለሱ፤ በ2015 ባሳተሙት ጥናትም ዕፅዋቱ ከ500 ሜትር በላይ ሽቅብ ሸሽተዋል አሉ። ዓለም ሁሉ ተቀባበለው። በ2019 ሌሎች ደግሞ የሁምቦልትን ማስታወሻዎችና ናሙናዎች አገላብጠው አዩ። ከከፍተኛው ቦታ የተባሉት መረጃዎች በብዛት የመጡት ከቺምቦራዞ ሳይሆን አንቲሳና ከሚባል ሌላ ተራራ ነበር። እንደ አዲስ ሲሰላ ሽሽቱ ከ215 እስከ 266 ሜትር ሆነ። ተክሎቹ በእርግጥ ወጥተዋል። ግን «የት?» ለሚለው ጥያቄ የተሰጠ ግምታዊ መልስ ከ200 ዓመት በኋላ ስሌቱን በግማሽ ያህል አናግቶታል።

ስሙ ትክክል መሆኑ በምን ይታወቃል?

አጥኚው መለያ ቁልፍ በሚባል መጽሐፍ ይጀምራል። ቁልፉ እየጠየቀ ይመራል። ቅጠሉ ጥንድ ጥንድ ነው ወይስ ተራ በተራ? ጠጉር አለው ወይስ ልሙጥ ነው? በእያንዳንዱ መልስ እጩው እየቀነሰ ይሄዳል። አንድ ወጥመድ ግን አለ። የአንድ አካባቢ ቁልፍ የሚያውቀው የአካባቢውን ተክሎች ብቻ ነው። አዲስ መጪውን አያውቀውም፤ ስለዚህ በግድ ከነባሮቹ አንዱን ያስመስለዋል። አዲስ ምዝገባ ለዓመታት ተደብቆ ከሚቆይባቸው ምክንያቶች አንዱ ይሄ ነው። ልምድ ያለው ሰው «ገባ፣ ግን አልተመቸኝም» ሲል የጎረቤት አገር ቁልፍ ይከፍታል።

ቀጥሎ ከዋቢ ናሙናው ጋር ማስተያየት አለ። ዋቢ ናሙና የሚባለው ዝርያው ስሙን ያገኘበት ናሙና ነው፤ ስሙ ከእሱ ጋር ለዘላለም የታሰረ ነው። የዘረመል ምርመራም ይረዳል፤ የቅርብ ዘመዳሞችን ግን ሁልጊዜ አይለይም።

ከስሙ ቀጥሎ አሰልቺው ሥራ ይመጣል። «ያልተመዘገበ» ለማለት መዝገቡን ሁሉ ማየት ያስፈልጋል። የድሮ ዝርዝሮች፣ የሄርባሪየም መደርደሪያዎች፣ የመረጃ ቋቶች ይፈተሻሉ። በ2001 የተቋቋመውና ዋና ቢሮው ኮፐንሃገን ያለው የዓለም የብዝሃ ሕይወት መረጃ መረብ በቢሊዮን የሚቆጠር የመገኛ መረጃ በነጻ ይሰጣል። ከዚያ በኋላ አጭር ጽሑፍ ይወጣል፤ ናሙናው የት እንደተቀመጠም ይገለጻል፤ የተጠራጠረ ሁሉ ሄዶ እንዲያየው።

ሰው ቢያጭበረብርስ?

አጋጥሟል የሚባልም አለ። በ1940ዎቹ ጆን ሄስሎፕ ሃሪሰን የሚባሉ የተከበሩ የዕፅዋት ፕሮፌሰር ከስኮትላንድ ምዕራባዊ ደሴቶች ማንም ያልጠበቃቸውን ተክሎች ደጋግመው ሪፖርት አደረጉ። ግኝቶቹ አንዳንድ ተክሎች የበረዶ ዘመኑን እዚያው ተቋቁመው አልፈዋል የሚለውን ሐሳባቸውን ይደግፉ ነበር። ጥርጣሬ ተነሣ። በ1948 ጆን ሬቨን የሚባል የካምብሪጅ መምህር ሩም ወደምትባለው ደሴት ሄደ። ሙያው የጥንት ግሪክና ሮም ጥናት ነበር፤ ተክል ለእሱ የትርፍ ጊዜ ፍቅር ነው። ያየው ነገር አላማረውም። ተክሎቹ እዚያ በሰው እጅ የተተከሉ ናቸው ብሎ ደመደመ። ሪፖርቱ ግን በካምብሪጅ ኮሌጁ ቤተ መጻሕፍት ተቀመጠ እንጂ አልታተመም። በሰፊው የታወቀው በ1999 ነው፤ ሁለቱም ካለፉ በኋላ።

እዚህ ላይ ልብ በሉ። የተክሎቹ ስም ትክክል ነበር። ናሙናም ነበር። የተጠየቀው «እንዴት እዚህ ደረሰ?» የሚለው ነው፤ ለእሱ ደግሞ የደረቀ ቅጠል ብቻውን መልስ የለውም።

አንዲት ነጥብ ካርታ ላይ ብትጨመር ምን ለውጥ ታመጣለች?

አንዳንዴ ምንም። አንዳንዴ ደግሞ የአንድን ዝርያ ዕጣ ትቀይራለች። የመጥፋት አደጋን የሚመዝነው ዓለም አቀፉ ቀይ መዝገብ ከሚያያቸው ነገሮች አንዱ የስርጭት ስፋት ነው። ተክሉ የተገኘባቸው ነጥቦች እንደ ችካል ይቆጠራሉ፤ በዙሪያቸው ገመድ ይወጠራል፤ በውስጡ ያለው ስፋት ይለካል። ከ5 ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር በታች ከሆነና ሌሎች መመዘኛዎችም ከተሟሉ ዝርያው ትልቅ አደጋ ላይ ካሉት ይመደባል። አሁን አንድ ሰው በጣም ሩቅ አዲስ ችካል ይተክላል። ገመዱ ተለጥጦ ስፋቱ እጥፍ ድርብ ይሆናል። ነጥቧ እውነተኛ ከሆነች መልካም ዜና ናት። ከተሳሳተ ስም የመጣች ከሆነች ግን ጥበቃ የሚያስፈልገው ተክል ደህና መስሎ ይታያል።

በመጤዎች በኩል ጊዜ ነው ዋናው ነገር። ሚኮኒያ የሚባል ሰፋፊ ቅጠል ያለው ዛፍ በ1937 ታሂቲ ደሴት ላይ ለጌጥ ተተከለ። ለአስርት ዓመታት ችግር መሆኑ አልታወቀም። በኋላ የደሴቲቱን ሁለት ሦስተኛ ያህል አለበሰ። የደቡብ አሜሪካው እምቦጭም በ1980ዎቹ መጨረሻ ቪክቶሪያ ሐይቅ ላይ ሲታይ ለዓይን የሚያምር አበባ ነበር፤ በ1990ዎቹ አጋማሽ ጀልባ አላሳልፍ አለ። ጥቂት እግር ተክል ላይ ሲደረስ ሥራው የአንድ ቀን ነው። ለዚህም ነው የመጀመሪያዋ ነጥብ ላይ ትክክለኛ ቀን መጻፉ ዋጋ ያለው፤ ኋላ ላይ የስርጭቱ ፍጥነት የሚሰላው ከእሷ ተነሥቶ ነው።

ቦታው ለምን አንዳንዴ ይደበቃል?

ሌባ ስላለ። ብሪታንያ ውስጥ የእመቤት ጫማ የሚባለው ኦርኪድ በሰብሳቢዎች ተነቅሎ ተነቅሎ በ1917 ጠፍቷል ተብሎ ነበር። በ1930 በዮርክሸር አንድ እግር ተገኘ። ያዩት ሰዎች አፋቸውን ዘጉ፤ ቦታው ለአስርት ዓመታት በምስጢር ተይዞ ዘብ ተቆመለት። ዛሬም የብርቅዬ ተክሎች ትክክለኛ ነጥብ ሆን ተብሎ በሰፊው ካርታ ላይ ይደበዝዛል። ሙሉው መረጃ በሄርባሪየሙ አለ፤ ለሕዝብ የሚታየው ግን ግምታዊው ነው።

እኔ እንግዳ ተክል ባይስ?

ስልካችሁ ይበቃል፤ ግን አበባውን ብቻ አታንሡ። አብዛኛው ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። ሙሉውን ተክል፣ የቅጠሉን ፊትና ጀርባ፣ ቅጠሉ ከግንዱ ጋር የሚገናኝበትን ቦታ፣ ፍሬ ካለው ፍሬውን፣ ዙሪያውንም አንሡ። ለመጠን አጠገቡ ሳንቲም ወይም እጃችሁን አድርጉ። የስልኩ የቦታ መረጃ ይከፈት። ከ2008 ጀምሮ ያለው አይናቹራሊስት የሚባለው መተግበሪያ ፎቶውን ተቀብሎ ሌሎች በስሙ ላይ አስተያየት እንዲሰጡ ያደርጋል። ማሽኑ መጀመሪያ የሚገምትላችሁን ስም ግን እንደ ፍርድ አትውሰዱት። የሰው አትክልት ቦታ ውስጥ የተተከለ ከሆነም ያንን ጻፉ፤ የተተከለ ተክል አዲስ ምዝገባ አይሆንም።

ናሙና መቁረጥ ሌላ ነገር ነው፤ ፈቃድ ይጠይቃል። ፈቃድ ያላቸው ሰብሳቢዎችም «አንድ ከሃያ» የሚሉት ደንብ አላቸው። አንድ ለመውሰድ ቢያንስ 20 መኖራቸውን ይቆጥራሉ። 20 ካልሞላ መቀሱ ወደ ቦርሳው ይመለሳል፤ ካሜራው ይወጣል።